ቾል ይሰለፋል ወይ?

ባለፈው ሳምንት ከገበያ ወደ ቤቴ ስመለስ የተሳፈርኩባት ባጃጅ ልትገለብጠኝ ምንም አልቀራትም። ሹፌሩ መሪውን ትቶ በሁለት እጁ ነው የሚከራከረው። ከጎኔ የተቀመጠው ወጣት የመምህራን ኮሌጅ ተማሪ ነው፤ የሹፌሩ ታናሽ ወንድም ደግሞ ጤና ኮሌጅ ይማራል። እሁድ ሁለቱ ይጋጠማሉ። «የእናንተ ተከላካይ ዞሮ እስኪያይ ድረስ እኛ አግብተን ጨርሰናል» ይላል ሹፌሩ። «የእናንተ አጥቂ ፀጉሩን ነው እንጂ ኳሱን መች ያያል» ይላል ከጎኔ ያለው ተማሪ። በረኛውን ከበረኛው፣ ክንፉን ከክንፉ እያነፃፀሩ ገበያውን አልፈን፣ ቢሮዎቹን አልፈን፣ የኔንም ቤት አልፈን ሄድን። በመጨረሻ ሹፌሩ በመስታወቱ አየኝና «ማዘር፣ አንቺስ የማን ነሽ?» አለኝ። «እኔማ ከድሮም የጤናው ነኝ» ስለው ሳቀ። ድሮ ስል ምን ያህል ድሮ እንደሆነ ከየት ይወቀው? ያን ጊዜ እሱም አልተወለደም፣ ባጃጅም ጋምቤላን አላወቃትም ነበር።

ያን ጊዜ ሰው በእግሩ ነበር የሚሄደው። ቢሮ የሚገባውም፣ ገበያ የሚወጣውም፣ ከኢታንግ መንገድ የመጣውም በዚያው አቧራ ላይ ሰላም እየተባባለ ይተላለፋል። ክልል የሚለው ቃል ገና አዲስ ነበር፤ አፋችን ላይ ሳይለምድ «ክፍለ ሀገር» ብለን ጀምረን «ክልል» ብለን እንጨርስ ነበር። በየበሩ ላይ ቀለሙ ያልደረቀ የቢሮ ስም ተለጥፏል። ቤት ያልደረሰው ቢሮ ማንጎ ዛፍ ሥር ጠረጴዛ ዘርግቶ ይሠራል፤ ማንጎ ሲወድቅ ባለጉዳዩም ኃላፊውም እኩል ይጎነበሳሉ። ሻይ በሃያ አምስት ሳንቲም ነበር። ከባሮ የወጣ ዓሣ፣ ጭራው መሬት እየነካ በእንጨት ተሸክመው ያመጡልሽና ለዛሬ አንድ ኪሎ ሥጋ በማይበቃ ብር ትወስጂዋለሽ። ወጣቶቹ ሰፊ የሰልባጅ ሱሪ ለብሰው ሸሚዛቸውን እስከ ሆዳቸው ይከፍቱታል። ሸራ ጫማ የሌለው አልነበረም። ቅዳሜ ቅዳሜ ወንዝ ዳር ታጥቦ ድንጋይ ላይ ይሰጣል፤ የመምህራን ማሠልጠኛ ልጆች ጠመኔ ስለማያጡ ጫማቸውን በጠመኔ ያነጡት ነበር። በዚያ ጫማ ገበያ መሃል ሲያልፉ የኛዎቹ በቅናት ያርራሉ።

የኛዎቹ የምላቸው የጤና ረዳት ሠልጣኞቹን ነው። እኔ ከጎሬ በጭነት መኪና፣ ከቡና ጆንያ ጋር ወርጄ የመጣሁ ወጣት ነርስ ነበርኩ። ስደርስ ሙቀቱ ፊቴን እንደ ምድጃ ሲመታኝ «ሁለት ወር ከቆየሁ ምን አለች በሉኝ» ብዬ ነበር። ይኸው ጡረታዬንም እዚሁ ወጣሁ። ማሠልጠኛው ጎን ባለች ክሊኒክ፣ ከእሷም ጋር በተያያዙ ሁለት የበሽተኛ ክፍሎች የተግባር ሥራ አስተምራለሁ። ነጭ ዩኒፎርሜንና ቆቤን በስታርች አድርቄ ስወጣ ከተማው በሙሉ «ሲስተር ፀሐይ» እያለ ይጠራኛል። እውነቱን ለመናገር ሁለቱም ማሠልጠኛዎች እንደ ዛሬዎቹ ኮሌጅ አልነበሩም። ከተማው ግን ኮሌጅ ብሎ ሰይሟቸዋል፤ ልጆቹም ደስ ብሏቸው ተቀብለዋል።

የሁለቱ ኮሌጆች ጨዋታ የሚፈታውና የሚታሰረው ጋሽ ተካ ፀጉር ቤት ነበር። ዛሬ ያ ቦታ የሞባይል መሸጫ ሆኗል፤ ሳልፍ አሁንም የአልኮልና የክሬም ሽታ የሚሸተኝ ይመስለኛል። ጋሽ ተካ እንደኔው ከደጋ የወረደ፣ መቀስ ይዞ ከእጁ ይልቅ አፉ የሚሠራ ሰው ነው። በበሩ ጀርባ ላይ በጠመኔ ሁለቱን ቡድኖች አሰልፎ ይስላል። «ጤና ፍጥነት አለው» ይላል፣ ማበጠሪያውን እንደ ዱላ ይዞ። «ኡጁሉን ተመልከቱ። ከጎግ ድረስ በእግሩ የሚመጣ ልጅ ማን ሮጦ ይይዘዋል? ግራ ክንፉም ስለት ነው። ግን ቁመት የላቸውም። ኮርነር በተመታ ቁጥር ጸሎት ነው የሚይዙት። መምህራን ደግሞ ከባድ ናቸው፤ መሃሉ ላይ ይተኛሉ። በቴስታ ግን ማን ይችላቸዋል? ከሁሉ በላይ በረኛ አላቸው።» በረኛ ሲል ድምፁ ዝቅ ይላል። በረኛው ቾል ነው።

ቾል ኑዌር ነው፤ ከኢታንግ ወዲያ ካለ ቀበሌ የመጣ፣ ሲቆም የጎሉን አግዳሚ በጭንቅላቱ የሚነካ የሚመስል፣ ሲናገር ግን ድምፁ የማይሰማ ልጅ። ኳሷን የሚይዘው በመዳፉ ነው፤ ከዛፍ ላይ ማንጎ እንደሚቀጥፍ። ስለዚህ የጋሽ ተካ ንፅፅር ሁሌም አንድ ቦታ ላይ ያበቃ ነበር። «ቾል ካለ መምህራን፤ ቾል ከሌለ ጤና።» በዚህ ያልተስማማ ደንበኛ ካለ ጋሽ ተካ ምላጩን አስቀምጦ ሳያሳምን አያነሳም። አንድ የግብርና ቢሮ ሠራተኛ ግማሽ ፂሙን ተላጭቶ፣ ተናዶ ወጥቶ፣ በዚያው ስብሰባ ገብቷል ተብሎ ስንት ተሳቀ!

ያን ዓመት ለዋንጫ የደረሱት እነዚሁ ሁለቱ ነበሩ። ጨዋታው እሁድ ነው። ማክሰኞ ጠዋት አራት የመምህራን ልጆች አንድ ረጅም ሰው በአልጋ ተሸክመው ወደ ክሊኒኬ ገቡ። እግሩ ከአልጋው ተርፎ ይንጠለጠላል። ብርድ ልብሱን ገለጥ ሳደርግ ቾል ነው። ጥርሱ ይንገጫገጫል፣ ሰውነቱ እሳት ነው። ደሙን አየነው፤ ወባ፣ ያውም ከባዱ። ግሉኮስ ሰቅለን ኩዊኒን ጀመርንለት። ገና መርፌውን ሳላጣብቅ ከተማው ሰምቶ ነበር።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሳስበው ዛሬም ያስቀኛል። ክሊኒኬ በር ላይ የሚቆመው ሰው በሽተኛ አልነበረም። ገበያ ስሄድ ሽንኩርት ሻጯ ሳትመዝን «ሲስተር፣ ቾል ይሰለፋል ወይ?» ትለኛለች። ቤተክርስቲያን ስሳለም ከጎኔ የቆመችው ሴትዮ ነጠላዋን ወደ አፏ አስጠግታ «ይሰለፋል?» ትለኛለች። የጋሽ ተካ በር ላይ የተሳለው በረኛ በጠመኔ ተከቦ የጥያቄ ምልክት ተደርጎበታል። ወሬውም ወሬ ወለደ። «ጤናዎች ማስተኛ ኪኒን እየሰጡት ነው» ተባለ። ይህን የሰሙ የመምህራን ተማሪዎች ክሊኒኩ አጥር ሥር ምንጣፍ ዘርግተው በተራ ይጠብቁ ጀመር፤ መድኃኒት ይዤ በገባሁ ቁጥር አንዱ አንገቱን በመስኮት ያስገባል። ተናደድኩ። ግን ምን ልበል? የታመመው የነሱ በረኛ፣ የሚያክሙት ደግሞ የኛ አጥቂዎች ናቸው!

ይህን ስል አጋንኜ አይደለም። በዚያ ሳምንት ክፍሉ ውስጥ ተረኛ የነበረው ሠልጣኝ ኡጁሉ ነበር። ጋሽ ተካ ማን ሮጦ ይይዘዋል ያለው አጥቂያችን። ቀድሞ የወጣ የተግባር ፕሮግራም ነው፤ ማንም አስቦ ያደረገው አይደለም። ኡጁሉ አኙዋክ ነው፤ ሲስቅ ዓይኑ የሚጠፋ፣ በእሁድ መዘምራን ውስጥ ከበሮ የሚመታ ልጅ። የቾልን ፊት በእርጥብ ፎጣ የሚያብሰው፣ የዓሣ መረቅ በማንኪያ የሚያጎርሰው፣ ሲያስመልሰው ባልዲ የሚይዝለት እሱ ሆነ። ሁለቱ የሚግባቡት በአማርኛ ነው፤ አንዱ ያንዱን ቋንቋ አያውቅም። ሐሙስ ዕለት ትኩሳቱ በረድ ሲል በሩ አጠገብ ቆሜ ሲያወሩ ሰማኋቸው።

«አንተ ቀኝ ልትመታ ስትል መጀመሪያ መሬት ታያለህ» ይላል ቾል፣ በዚያ በማይሰማ ድምፁ።

«ውሸት ነው። አንተ ደሞ ቶሎ ትወድቃለህ። ሰው ሳይመታ አንተ ወድቀሃል።»

«እኔ ቶሎ አይወድቅም። እኔ ረጅም ስለሆንኩ መሬት እሩቅ ነው፤ ለዚህ እንደ ሩቅ መንገደኛ ቀድሜ መነሳት አለብኝ።»

ኡጁሉ ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት ማንኪያውን ጣለ። የጋሽ ተካን ንፅፅር ስንት ጊዜ ሰምቻለሁ፤ እንደ እነዚህ ሁለቱ አንዱ ያንዱን ብርታትና ድካም የሚያውቅ ግን ከተማው ውስጥ አልነበረም።

ያን ቀን ከሰዓት የመምህራን አሠልጣኝ መምህር ግርማ መጣ። ስፖርት አስተማሪ ነው፤ ፊሽካው ከአንገቱ አይወርድም። ኮፍያውን አውልቆ እያሻሸ ቆመ። «ሲስተር፣ እባክሽ እውነቱን ንገሪኝ። ተጠባባቂዬን ላዘጋጅ ወይስ ልተወው? ተጠባባቂዬ የሒሳብ ልጅ ነው። ጎበዝ ነው፣ ግን ኳስ ሲመጣበት ዓይኑን ይጨፍናል።» «እሁድ ጠዋት አይቼው እነግርሃለሁ፤ ዛሬ ግን እኔም አላውቅም» አልኩት። ፊቱ ሲጨልም አሳዘነኝ። እሱ ሲወጣ የራሴ ሠልጣኞች ሦስት ሆነው ገቡ፤ እጃቸውን ወደኋላ አጣምረው፣ እንደ ቅዱሳን። «ሲስተር፣ እኛ እንኳ ስለ ጤናው ብለን ነው... እስከ ሰኞ ቢያርፍ አይሻልም?» «የምትጠይቁኝ እንደ ጤና ረዳት ነው ወይስ እንደ ተከላካይ?» አልኳቸው። የአልጋ ልብስ ሁሉ አጥበው እንዲያሰጡ አዘዝኳቸው።

ግን እውነቱን ልናገር፣ እኔም ጨንቆኝ ነበር። አይሰለፍም ብል ከተማው ለራሷ ቡድን አደላች ይለኛል፤ ያን ስም ይዤ እዚህ ከተማ እንዴት እኖራለሁ? ይሰለፋል ብዬ ሜዳ ላይ ቢወድቅስ? የዚያ ሙቀት እንኳን ከወባ የተነሳውን ጤነኛውን ይጥላል። እናቱ ዓርብ ዕለት ከኢታንግ በመኪና ጀርባ መጥታ አልጋው ሥር ተቀምጣለች። አማርኛ አትችልም። እጄን ይዛ የምትለኝን ቾል ሲተረጉምልኝ አፍሮ አንገቱን ደፋ፤ «ኳሱን ተይ፣ ልጄን ስጪኝ ትላለች» አለኝ። ልቤ ባባ።

እሁድ ጠዋት ፀሐይ ሳትከር ቾልን ወደ ግቢው አወጣሁት። አጥሩ ዙሪያ ሰው በሰው ላይ ሆኗል፤ የሁለቱም ደጋፊ፣ ጋሽ ተካም ሽርጡን ሳያወልቅ መጥቷል። እናቱ በሩ ላይ ቆማለች። ቾል ከክፍሉ በር እስከ ማንጎው ዛፍ በሶምሶማ ሄዶ ተመለሰ፤ ደገመ፤ ሠለሰ። ከዚያ አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጥኩትና ሰዓቴን ፈትቼ ለኡጁሉ ሰጠሁት። ተረኛው እሱ ነው፤ ሳምንቱን ሁሉ ሲቆጥር የሰነበተው እሱ ነው። ዛሬ ብነጥቀው ምን ብዬ አስተማሪ እባላለሁ?

ኡጁሉ የቾልን እጅ ያዘ። ከአጥሩ ውጭ አንዱ የኛ ልጅ በአኙዋክኛ የሆነ ነገር ጮኾ ተናገረ፤ ቋንቋውን ባላውቅም የሚለው ገብቶኛል። ኡጁሉ ቀና አላለም። የልብ ምቱን ቆጠረ፤ የዓይኑን ሽፋን ዝቅ አድርጎ አየ፤ ትኩሳቱን ለካ፤ ሆዱን ዳሰሰ። ሲጨርስ ሰዓቱን መለሰልኝ።

«እሺ ሐኪሙ፣ ምን ትላለህ?» አልኩት።

ላቡ በአፍንጫው ጫፍ ይንጠባጠባል። «ልቡ ደህና ነው፣ ሲስተር። ትኩሳት የለም። ውሃ ብዙ ከጠጣ ይችላል።» ከዚያ ትንፋሹን ለቀቀና «ወይ ጣጣ፣ ይችላል» አለ።

እኔም ደግሜ መረመርኩት። ትክክል ነበር። «ታዲያ አንተው ንገራቸው» አልኩት። ኡጁሉ ወደ አጥሩ ሄዶ፣ በዚያ በመዘምራን ድምፁ «ይሰለፋል!» ሲል የተነሳው ጩኸት ማንጎው ላይ የነበሩትን ወፎች ሁሉ አስነሳ። መምህር ግርማ ፊሽካውን ነፋ። ጋሽ ተካ ፊቱን በሽርጡ እያበሰ «መምህራን! በቃ መምህራን!» እያለ ይዞር ጀመር። ኡጁሉ በኛዎቹ አጠገብ ሲያልፍ አንዱ ተከላካይ ትከሻውን መታ መታ አደረገው። ለእናትዬዋ ደግሞ ቾል ራሱ ተንበርክኮ ምን እንዳላት እንጃ፣ ስታየኝ ፈገግ አለች። እኔም የስኳርና የጨው ውሃ በትልቅ ጀሪካን በጥብጬ፣ ቦርሳዬን ይዤ፣ «ከደከመህ እጅህን አንሳ፣ ያኔ ኳስ የለም» ብዬ አስምዬው ሄድን።

ሜዳው ዛሬ ቤት ተሠርቶበታል። ያን ጊዜ ጠዋት ከብት ይግጥበታል፣ ከሰዓት ሰው ይጫወትበታል። መስመሩ በአመድ ተሰምሯል፤ የጎሉ መረብ ከባሮ ዓሣ አጥማጆች የተዋስነው ነው፣ የዓሣ ቅርፊቱ እንኳ አልረገፈለትም። የኛዎቹ ነጭ አቡጀዲ ለብሰዋል፣ መምህራን ደግሞ አቡጀዲውን አረንጓዴ ነክረውታል፤ ላብ ሲነካው አረንጓዴው ወደ ሰውነታቸው እየወረደ አንገታቸው ሁሉ ጎመን መሰለ። ባለሥልጣኖቹ ከቤት በወጣ ሶፋ ላይ፣ ሌላው ዛፍ ላይ። ከአንድ መኪና ውስጥ የታላላቅ ዘፋኞች ካሴት ይጮኻል።

ጨዋታው ልክ ጋሽ ተካ በር ላይ እንደተሳለው ሄደ። እኛ በፍጥነት ገባን፤ ኡጁሉ ሦስት ሰው ጥሎ ለግራ ክንፋችን አቀበለና ጎል! እነሱ ደግሞ በኮርነር መለሱ፤ አንድ ረጅም ልጅ ከሁላችን በላይ ተነስቶ በቴስታ አስቆጠረ። ከዕረፍት በኋላም ሌላ ኮርነር፣ ሌላ ቴስታ። ሁለት ለአንድ። እኔ ግን ኳሷን አይደለም የማየው፣ ቾልን ነው። ያቺን ጀሪካን እየተመላለስኩ ጎሉ ጀርባ ድረስ አጠጣዋለሁ። «ምነው ሲስተር፣ የኛም ልጆች ውሃ ይጠማቸዋል!» ይሉኛል ደጋፊዎቻችን።

ሊያልቅ ሲል ኡጁሉን ጎሉ አፍ ላይ ጠለፉት። ዳኛው ሪጎሬ ሰጠ። ኡጁሉ ራሱ ኳሷን አስቀመጠ። ጩኸቱ ጆሮ ይበጥሳል፤ የመምህራን ልጆች ቆርቆሮ እየደበደቡ፣ የኛዎቹ እየዘመሩ። ቾል ጎሉ መሃል ላይ ቆሟል፣ ረጅም እጁን ዘርግቶ፣ እንደ ሰማ እንኳ አይመስልም። በኋላ ሲነግረኝ በኩዊኒኑ የተነሳ ጆሮው ውስጥ ደወል ይደውል ስለነበር እውነትም አልሰማም። ኡጁሉ ወደ መሬት አየ። አየሁት፤ መሬት አየ! ከዚያ ግራ መታ። ለማታለል ኖሯል! ቾል ግን አልወደቀም፤ እስከ መጨረሻዋ ቆይቶ፣ ያን ሁሉ ቁመት ወደዚያው ጎን ጣለውና በጣቱ ጫፍ ኳሷን ከቋሚው ውጭ ገፋት።

ዳኛው ወዲያው ነፋ፤ አለቀ። ቾል ግን ከወደቀበት አልተነሳም።

ቦርሳዬን ይዤ እንዴት እንደሮጥኩ አላውቅም። አንድ ጫማዬ መሃል ሜዳ ቀርቷል። ከኔ በፊት የደረሰው ኡጁሉ ነው፤ ጉልበቱ ላይ ሆኖ የቾልን የእጅ አንጓ ይዟል። «ቾል! ቾል!» አልኩ። ዓይኑን ከፈተ። «ሲስተር» አለኝ፣ «ደህና ነኝ። መሬቱ ጥሩ ነው፣ ትንሽ ልተኛ ብዬ ነው።» ኡጁሉ ምቱን ቆጥሮ ሳይጨርስ ሳቁ አመለጠው። «ጠዋት ተሳስቼ በቆጠርኩ ኖሮ!» አለና ግንባሩን ግንባሩ ላይ ደግፎ ይስቅ ጀመር፤ ሁለቱም ሳቁ፤ እኔ ግን እንባዬ ወረደ።

ከዚያ የሆነውን ጋምቤላ ለብዙ ጊዜ አወራችው። የመምህራን ልጆች በረኛቸውን ሊያነሱ ሲመጡ የጤና ልጆች ቀድመው አንስተውታል! አቡጀዲያቸው በጭቃ የጠቆረው ተሸናፊዎች ቾልን ትከሻቸው ላይ አድርገው «ያዳንነው እኛ ነን! ያዳንነው እኛ!» እያሉ ይጨፍራሉ። መምህር ግርማ «ኧረ በረኛችንን መልሱ!» እያለ በፊሽካ ይከተላቸዋል። ጋሽ ተካ ከፊት ከፊት እየሮጠ «ቀስ በሉ፣ እንዳትጥሉት፣ ለሚቀጥለው ዓመት እንፈልገዋለን!» ይላል። በመጨረሻ አንድ እግሩን ጤናዎች፣ አንድ እግሩን መምህራን ተሸክመው፣ እናቱ እልል እያለች፣ ሕዝቡ ተከትሎ ወደ ባሮ ወረዱ። ኡጁሉ ዛሬ ጎግ አካባቢ ጤና ጣቢያ ይመራል፤ ቾል ርዕሰ መምህር ሆኖ ፀጉሩ ሸብቷል፤ ሲገናኙ አሁንም መሬት አይተሃል አላየሁም ይጨቃጨቃሉ አሉ።

እኔ የዚያን ዕለት በአንድ እግር ጫማ፣ ቆቤ ወደ አንድ ጎን አዘንብሎ፣ እጄን እያጨበጨብኩ ከኋላቸው ስሄድ የማሠልጠኛችን ዳይሬክተር መንገድ ላይ አገኘኝ። ለዋንጫዋ በቢሮው መደርደሪያ ላይ ቦታ አዘጋጅቶ ስለነበር ፊቱ ተኮሳትሯል።

«ሲስተር ፀሐይ፣ ምን ሆነሻል? ተሸንፈን የለም እንዴ? ምንድን ነው የሚያስጨፍርሽ?»

«በሽተኛዬ ድኖልኝ ነው» አልኩትና እየጨፈርኩ አለፍኩት።